ወረርሽኙ ያጎደለው ትምህርትና የኢንስፔክተሩ ሚዛን

የ2012 ዓ.ም. የተማሪዎች ሮስተር እስካሁን በወጉ የተቀመጠበት ትምህርት ቤት ሄዶ መዝገቡን የገለጠ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ አንድ ነገር ያስተውላል። የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ዓምዶች ከአማርኛና ከሒሳብ ጀምሮ እስከ ሰውነት ማጎልመሻ ድረስ በውጤት ተሞልተዋል። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ዓምዶች ግን ባዶ ናቸው፤ አለዚያም መምህሩ በየካቲት የሰጠው አጭር ፈተና ላይ ደርሰው ቆመዋል። ከዚያ በመጨረሻው ዓምድ ላይ፣ አማካይ ውጤትና ደረጃ መስፈር በነበረበት ጎን፣ ከላይ እስከ ታች «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» የሚል ቃል ተደርድሯል።

ያ ባዶ ዓምድ የተፈጠረበት ቀን ይታወቃል። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7፣ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ቀሩ። ትምህርት ቤቶቹ ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነበር፤ በመካከል ሰባት ወራት አለፉ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መብራት በሌለበት ቀበሌ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ያንን ትምህርት ተከታትሏል ብሎ መጻፍ አይቻልም። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ሁሉም ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ። ያን ጊዜ 1ኛ ክፍል የነበረና ክፍል ሳይደግም የመጣ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 7ኛ ክፍል ነው። ይህ ልጅ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ፊደል ለይቶ ቃል ማንበብ በሚጀምርበት ወቅት ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ እንዲህ ያለው ልጅ የተቀመጠበትን ክፍል ሊመዝን የሚመጣው ኢንስፔክተር ያንን ባዶ ዓምድ ምን ያድርገው የሚል ነው። ቢያልፈው ትምህርት ቤቱን ባላጠፋው ጥፋት ይቀጣል። ምክንያት አድርጎ ቢቀበለው ደግሞ ልጁን ይበድላል፤ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ማንበብ አልቻለምና። በእኔ እምነት መውጫው መስፈርቱን ዝቅ ማድረግ አይደለም። መውጫው በአንድ ደረጃ ተጠቅልለው የሚቀርቡትን ሁለት ጥያቄዎች መለየት ነው፦ ልጆቹ ዛሬ ምን ያውቃሉ? ትምህርት ቤቱስ ለእነዚህ ልጆች ምን ሠራ? በደኅናው ጊዜ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ተቀራርቦ ስለሚሄድ አንዱን በሌላው መገመት ብዙ ጉዳት አልነበረውም። ወረርሽኙ ግን ለያያቸው።

ቁጥሮቹ ሲያሳስቱ

በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶች አሉት። እነዚህም በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተከፍለው ከመቶ 25፣ 35 እና 40 ድርሻ ተሰጥቷቸዋል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያገኘ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያገኘ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል፤ ስታንዳርዱን አሟልቷል የሚባለው ደረጃ 3ና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ኢንስፔክተሮቹ ሰነድ ያያሉ፣ ክፍል ገብተው ይመለከታሉ፣ ርዕሰ መምህሩን፣ መምህራኑን፣ ተማሪዎቹንና የወላጅ መምህር ኅብረቱን ያነጋግራሉ። አሠራሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ትልቁን ድርሻ የያዘው ውጤት የሚለካው ባለፉት ዓመታት መረጃ በመሆኑና የእነዚያ ዓመታት መረጃ በወረርሽኙ የተዛባ በመሆኑ ነው። መዛባቱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሁልጊዜ ወደ ታች አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሲጻፍበት አላየሁምና።

መጠነ መድገምን እንውሰድ። ይህ አመላካች ምን ያህል ተማሪዎች ክፍል እንደደገሙ ያሳያል፤ ሲቀንስ ትምህርት ቤቱ ይመሰገናል። በ2012 መጨረሻ ተማሪው ሁሉ ሲዛወር የደጋሚው ቁጥር ወደ ባዶ ተጠጋ። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው ትምህርት ቤቱ በታሪኩ እጅግ ያማረውን ዓመት ያሳለፈ ይመስለዋል። ከዚያ በ2013 እና በ2014 ፈተና ሲመለስ የወደቁት ቁጥር ከፍ ይላል፤ ይኸው ሰው ትምህርት ቤቱ በድንገት እንደተበላሸ አድርጎ ያነበዋል። በእውነቱ ሁለቱም ንባቦች ስሕተት ናቸው። በ2012 የተሻሻለ ነገር አልነበረም፤ በ2013 የታየውም ውድቀት ያኔ የተፈጠረ ሳይሆን አንድ ዓመት ዘግይቶ የተመዘገበ ነው።

የክፍልና የተማሪ ጥምርታም እንዲሁ ነው። ስታንዳርዱ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ በአንድ ክፍል ይላል፤ በብዙ ቦታ ግን ሰባና ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል መቀመጡ የተለመደ ነበር። በ2013 ትምህርት ሲከፈት ርቀት ለማስጠበቅ ሲባል በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ ስለታዘዘ ልጆቹ በፈረቃና በቀን ልዩነት ይማሩ ጀመር። በዚያ ወቅት የክፍሉን በር ገፍቶ የገባ ተመልካች ያየው ሰፋ ብለው የተቀመጡ ሃያ ምናምን ልጆችን፣ የእያንዳንዱን ደብተር ዞር ብሎ ማየት የሚችል መምህርን ነው። ጥምርታው አምሮ ይታያል፤ ልጆቹ ግን በሳምንት የሚማሩት ከቀድሞው የቀን ቁጥር ግማሹን ነበር። መምህሩም አንዱን ትምህርት ሁለቴና ሦስቴ እያስተማረ የዓመቱን ይዘት ሊሸፍን አልቻለም። ኢንስፔክተሩ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሲቆጥር በዚያን ቀን ቤቱ የዋለውን ልጅ አይቆጥርም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የማቋረጥ ቁጥር ነው። መጠነ ማቋረጥ የሚሰላው በዓመቱ መጀመሪያ የተመዘገበውን በዓመቱ መጨረሻ ካለው ጋር በማስተያየት ነው። እንግዲህ በመጋቢት 2012 ቤቷ የቀረች፣ በክረምቱ የተዳረች ወይም ለቤት ሠራተኝነት ወደ ከተማ የተላከች የ7ኛ ክፍል ተማሪ በጥቅምት 2013 ለምዝገባ አልመጣችም። በ2012 ዓመቱ በመደበኛ መንገድ ስላልተዘጋ በ«ተዛውራለች» ተመዝግባለች፤ በ2013 ስላልተመዘገበች አቋርጣለች አልተባለችም። ከትምህርት ቤቱ ወጥታለች፤ በየትኛውም ዓምድ ላይ ግን መውጣቷ አልተጻፈም። ትምህርት ቤቱ በማቋረጥ ረገድ ያስመዘገበው ውጤት ጥሩ መስሎ የሚታየው እንዲህ ያሉ ልጆች ከመዝገቡ በመጥፋታቸው ነው። የሁለቱን ዓመታት የስም ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጦ የጎደለውን ስም አንድ በአንድ ያወጣ ትምህርት ቤት ካለ ይህን ሥራውን ኢንስፔክተሩ ከማንኛውም ያማረ ሰንጠረዥ በላይ ሊያከብርለት ይገባል።

የብሔራዊ ፈተና ውጤት ጉዳይ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይወሳሰባል። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ታቅዶ ሳይሆን ቀርቶ በወረቀት የተሰጠው በ2013 አጋማሽ ነው፤ የ2013ቱ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ 2014፣ የ2014ቱ ደግሞ በጥቅምት 2015 ተሰጠ። ይህ የመጨረሻው ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሪቱን አስደነገጠ። በ2015 ውጤቱ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2014ቱ ፈተና የተቀመጡት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ 10ኛ ክፍል የነበሩ ናቸው። ታዲያ አንድ ትምህርት ቤት ከ2011 ወደ 2014 ውጤቱ ቢያሽቆለቁል ምኑ ነው የወደቀው? የወረርሽኙ ጉድለት ነው? ቀድሞ ውጤቱን ያሳበጠው ኩረጃ መቅረቱ ነው? በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ ነው? ወይስ መምህራኑ በእርግጥ ደክመው ነው? አራቱም በአንድ ቁጥር ውስጥ ተቀላቅለዋል፤ ቁጥሩን አንስቶ ለውጤት በተሰጠው 40 በመቶ ውስጥ መጨመር ይህን ጥያቄ መመለስ አይደለም።

የእንግሊዝ ተሞክሮ

ይህን ችግር በግልጽ አደባባይ የተከራከረበትና ደንቡን እየጻፈ እየሰረዘ መፍትሔ የፈለገለት አገር እንግሊዝ ነው። እዚያ ትምህርት ቤቶችን የሚመረምረው ኦፍስቴድ የተባለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020፣ ማለትም የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ማግስት፣ መደበኛ ኢንስፔክሽን እንዲቆም ተደረገ። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለአብዛኛው ተማሪ የተዘጉት ከዚያ በኋላ በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ኢንስፔክሽኑ ከትምህርቱ ቀድሞ መቆሙ በአጋጣሚ አልነበረም፤ ርዕሰ መምህሩ ለተማሪዎቹ ምሳ፣ ለመምህራኑ ፈረቃ በሚያዘጋጅበት ሰዓት ለመርማሪ ሰነድ ሲያገላብጥ እንዳይውል ታስቦ ነው።

በዚያው ዓመት መኸር ኦፍስቴድ ወደ ትምህርት ቤቶች የተመለሰው ደረጃ በማይሰጥ ጉብኝት ነበር። ኢንስፔክተሮቹ ልጆቹ እንዴት እንደተመለሱ፣ ምን እንደጎደላቸው፣ ትምህርት ቤቱ የቱን ይዘት አስቀድሞ የቱን እንዳቆየ ጠይቀው አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ «ጥሩ» ወይም «ደካማ» የሚል ፍርድ አልነበረበትም። በጃንዋሪ 2021 ትምህርት ቤቶች ዳግም ሲዘጉ ክትትሉ በርቀት ሆነ፤ በሜይ ወር ኢንስፔክተሮቹ በአካል መሄድ ጀመሩ፤ ሙሉው ደረጃ የሚሰጥበት ኢንስፔክሽን የተመለሰው በሴፕቴምበር 2021 ነው። ከቆመበት እስከተመለሰበት ዓመት ከመንፈቅ ወስዷል።

ሲመለስም መመሪያው እንደነበረ አልተመለሰም። ሁለት ለውጦች በተለይ ይጠቅሙናል። አንደኛው፣ በ2020 እና በ2021 ፈተና ተሰርዞ በመምህራን ግምገማ የተሰጡት ውጤቶች የትምህርት ቤቱን ጥራት ለመፍረድ እንዳይውሉ መደረጉ ነው። ሁለተኛው፣ ከማርች 2020 እስከ ማርች 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ የነበረው የተማሪዎች መቅረት በትምህርት ቤቱ ላይ በሚሰጠው ፍርድ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን እንዲታይ መወሰኑ ነው። የዚህ ደንብ ብልሃት ያለው ቀን መቁረጡ ላይ ነው። «ወረርሽኙን ከግምት እናስገባለን» የሚል ሐረግ ብቻውን ለሁሉም እንደየአንደበቱ የሚተረጎም ነው፤ ደግ ኢንስፔክተር ያገኘው ይጠቀማል፣ ጠንካራ ያጋጠመው ይጎዳል። የተቆረጠ ቀን ግን ለሁሉም እኩል ይሠራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን እንግሊዞች ሊያመልጡት ያልቻሉት ነገር አለ። አንድ ልጅ በ11 ዓመቱ ከነበረው ተነሥቶ በ16 ዓመቱ የት እንደደረሰ የሚለኩበት መለኪያ አላቸው፤ ደካማ ልጆችን ተቀብሎ የሚያሳድግ ትምህርት ቤት ጎበዞችን መርጦ ከሚቀበለው ጋር በፍትሕ እንዲተያይ የሚያስችል ስለሆነ ብዙዎች ይተማመኑበታል። በ2020 እና በ2021 የ11 ዓመት ልጆች ፈተና ስላልተሰጠ እነዚያ ልጆች መነሻ የላቸውም። እነርሱ 16 ዓመት የሚሞላቸው በ2025 እና በ2026 ነው። ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴሩ ለሁለቱ ዓመታት ይህ መለኪያ እንደማይሰላ ለማሳወቅ ተገደደ። በአንድ የፀደይ ወር የተሰረዘ ፈተና ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ ርዕሰ መምህር ዘመን ክፍተት ሆኖ ብቅ አለ።

ሌላው ከዚያው አገር የሚወሰድ ማስጠንቀቂያ ኢንስፔክሽን ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። ቀደም ሲል «እጅግ የላቀ» የተባሉ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እስከ 2020 ድረስ ከመደበኛ ምርመራ ነፃ ነበሩ። ነፃነቱ ተነሥቶ በ2021/22 የትምህርት ዘመን ወደ 370 ያህሉ ሲመረመሩ ያንን ማዕረግ ይዘው የቆዩት 17 በመቶ ብቻ ሆኑ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ለዓመታት ሳይመረመሩ የመቆየት ውጤት ነው አለ፤ የመምህራን ማኅበራቱ ደግሞ ከወረርሽኙ ማግስት የተደረገ ምርመራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም አሉ። እኔ ሁለቱም ልክ ነበሩ እላለሁ፤ የሚያሳዝነውም ሁለቱን ምክንያቶች መለየት የሚያስችል ማስረጃ በማንም እጅ አለመኖሩ ነው። ክርክሩ ሳይበርድ በ2021 መጨረሻ መንግሥት ሁሉም ትምህርት ቤት እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ እንዲመረመር 24 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ በዚያው ሰሞን ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዓይነት ተስፋፍቶ መምህር በጠፋበት ሰዓት ማኅበራቱ ምርመራው እንዲቆም ሲወተውቱ፣ መሥሪያ ቤቱ ቀጠሮ ማስተላለፍን ማቅለልን መረጠ። በኋላም፣ ከአንድ ርዕሰ መምህርት ሞት በኋላ በተደረገ ሕጋዊ ማጣራት ኢንስፔክሽኑ ለሞቷ አስተዋፅኦ ማድረጉ ሲረጋገጥ፣ ትምህርት ቤትን በአንድ ቃል የመፈረጁ ልማድ ተጠየቀና በሴፕቴምበር 2024 ቀረ። ይህ ለውጥ ከወረርሽኙ በቀጥታ የመጣ አይደለም፤ ሆኖም አንድ ቃል የተወሳሰበ ሁኔታን መሸከም እንደማይችል በወረርሽኙ ዓመታት ብዙ መምህራን ሲናገሩ ቆይተዋል።

ለእኛ የሚበጀው

ከኦፍስቴድ ሀብትና የሰው ኃይል ጋር ራሳችንን ማወዳደር አያስፈልግም። የምንወስደው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የመጀመሪያው የተቆረጠ ቀን ነው። ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ጀምሮ እስከ 2013 የትምህርት ዘመን ማብቂያ ያለው የመድገም፣ የማቋረጥ፣ የመዛወርና የጥምርታ መረጃ ለንጽጽር እንዳይውል በጽሑፍ ሊደነገግ ይገባል። ዜሮ ይሁን ማለት አይደለም፤ አማካይ ሲወሰድ፣ አዝማሚያ ሲሳል ከስሌቱ ይውጣ፣ በምትኩም «ለንጽጽር የማይውል» ተብሎ ይጻፍ ማለት ነው። ይህ ለመልካሙም ለመጥፎውም ቁጥር እኩል ይሠራል፤ በ2012 በራሱ ባልሠራው ያማረ ሰንጠረዥ የተመሰገነው ትምህርት ቤትም ምስጋናውን ይመልሳል።

ሁለተኛው ክፍልን ሳይሆን ልጆችን መከተል ነው። ልማዳችን የዘንድሮውን 4ኛ ክፍል ከአምናው 4ኛ ክፍል ጋር ማወዳደር ነው። በደኅናው ጊዜ ይህ ይሠራል። ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ከአምናዎቹ 7ኛ ክፍሎች ጋር ማወዳደር ግን ትምህርት የተቋረጠባቸው 1ኛ ክፍል ሳሉ የሆኑትን 2ኛ ክፍል ሳሉ ከሆኑት ጋር ማወዳደር ነው፤ የጎደላቸው ነገር የተለያየ ነው። ፊደል በሚለዩበት ጊዜ የተቋረጠባቸው የንባብ መሠረታቸው ላይ ክፍተት አለባቸው፤ 4ኛና 5ኛ ክፍል ሳሉ የተቋረጠባቸው ግን ማንበቡን ይዘው ክፍልፋይ ላይ ሊሰናከሉ ይችላሉ። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ እነዚሁ ልጆች በመስከረም የት ነበሩ፣ በሰኔ የት ደረሱ የሚለው ነው። ለዚህ ብሔራዊ ፈተና አያስፈልግም። መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ አንቀጽ አስነብቦ፣ ዐሥር የሒሳብ ጥያቄ ሰጥቶ ያስቀመጠው ወረቀት ካለ ኢንስፔክተሩ መነሻ አለው።

ደብተርም አለ። ይህን ደጋግሜ የምለው ቁጥር ሲያሳስት ደብተር ብዙ ጊዜ ስለማያሳስት ነው። በክፍል ምልከታ ወቅት ከኋላ ረድፍ የተቀመጡ የሦስት ልጆችን ደብተር ወስዶ ቀኑን እያዩ መግለጥ በቂ ነው፦ በሳምንት ስንት ቀን ተጽፏል? የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ልጁ ከሰሌዳ የገለበጠውን ዓረፍተ ነገር ጣቱን አስቀምጦ ሊያነበው ይችላል ወይስ ቅርጹን ብቻ ነው የሣለው? የመጨረሻው ጥያቄ ያ የ2012 ባዶ ዓምድ በልጁ ላይ ጥሎት የሄደውን ያሳያል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትምህርት ቤቱ ነው፦ ይህን ልጅ ማን ለይቶታል? ማጠናከሪያ ትምህርት በስም ዝርዝር ብቻ ነው ያለው ወይስ ልጁ በእርግጥ የሚቀመጥበት ሰዓት አለ? የሚያስተምረውስ የ7ኛ ክፍሉን ይዘት ደግሞ ነው ወይስ ወደ ጎደለው ንባብ ወርዶ? በብዙ ቦታ ማጠናከሪያ ትምህርት ማለት ልጁ ጠዋት ያልገባውን ከሰዓት በኋላ በዚያው ቋንቋና በዚያው ፍጥነት መድገም ነው። ይህን የሚለይ ኢንስፔክተር ትምህርት ቤቱን ይጠቅማል፤ የማጠናከሪያ መርሐ ግብር በግድግዳ ላይ መለጠፉን አይቶ ምልክት የሚያደርገው ግን ቅጹን ብቻ ይሞላል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ክብደቱንም አልክድም። ለትምህርት ቤቶች ምክንያት መስጠት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ሰነፉም ታታሪውም በወረርሽኙ ይሸሸጋል፣ የሚጎዳው ደግሞ ሌላ አማራጭ የሌለው የድሃ ልጅ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው መስፈርቱ አይውረድ የምለው። በሪፖርቱ የመጀመሪያ ክፍል «በዚህ ትምህርት ቤት ከ7ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል የሚከተሉት ይህን ማንበብ አልቻሉም» ተብሎ ያለ ማለዘቢያ ይጻፍ። በሁለተኛው ክፍል ትምህርት ቤቱ ጉድለቱን አውቆት እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገና ያደረገው እየሠራ እንደሆነ ይጻፍ። ሁለት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ክፍል አንድ ዓይነት ሆነው በሁለተኛው ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲታገል የቆየ፣ ሌላው ነገሩን ከነመኖሩም ያላወቀ። ዛሬ ሁለቱም ደረጃ 2 ተብለው አንድ መስመር ላይ ይቀመጣሉ።

ደረጃው የሚያስከትለውም ነገር አለ። ትምህርት ሚኒስቴር በኢንስፔክሽን ውጤት መሠረት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ85 በመቶ በላይ፣ ከሁለተኛ ደረጃዎቹም 70 በመቶ ገደማ ከስታንዳርድ በታች መሆናቸውን ሲገልጽ፣ ከዚያ የተወለደው «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ነበር። ሕዝቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት አዋጥቶ የጭቃ ክፍሎች ፈርሰው በብሎኬት ተሠሩ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የጭቃ ክፍል ውስጥ በዝናብ የተማረ ሁሉ ዋጋውን ያውቀዋል። ነገር ግን ኅብረተሰቡ የሚያዋጣው ሪፖርቱ ወደ ጠቆመው አቅጣጫ ነው። ሪፖርቱ ግድግዳ፣ አጥር፣ ላቦራቶሪ ጎድሏል ካለ ግድግዳና አጥር ይሠራል። በሰባት ወር ውስጥ ያልተነበበ ንባብ ግን ከመንገድ አይታይም፣ ለምረቃ ሪባን አይቆረጥለትም። ሪፖርቱ ካልጻፈው ማንም አያዋጣለትም።

ማን ይሂድ የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። የጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚሰባሰቡበት ማዕከል፣ ሱፐርቫይዘር ትምህርት ቤቱን በየወሩ ስለሚያየው በ2013 የትኛው መምህር እንደለቀቀ፣ የትኛው ክፍል ያለ ሒሳብ መምህር መንፈቅ እንዳሳለፈ ያውቃል። ኢንስፔክተሩ በሦስት ዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ እንግድነቱ ደግሞ ለነፃነቱ ያስፈልገዋል። ሱፐርቫይዘሩ ፍርዱ ውስጥ ሳይገባ የትምህርት ቤቱን የተቋረጡ ጊዜያት ብቻ በአንድ ገጽ ጽፎ አስቀድሞ ቢያስረክብ፣ ማለትም ከመቼ እስከ መቼ ተዘጋ፣ በስንት ፈረቃ አስተማረ፣ ስንት መምህር ጎደለው የሚለውን ቢያቀርብ፣ ኢንስፔክተሩ ይህን ለማወቅ የመጀመሪያውን ቀን በጥያቄ አይጨርስም።

ይህ አሠራር ለኮቪድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በትግራይ ትምህርት ቤቶች ወረርሽኙና ጦርነቱ ተደራርበው ዓመታት ዘግተዋቸዋል፤ በአማራና በአፋር ጦርነቱ የደረሰባቸው ወረዳዎች እንዲሁ፤ በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ በቀጠለው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶች ደጋግመው ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደረጃ የማይሰጥ ጉብኝት ነው። ስንት ልጅ ተመለሰ፣ ስንት መምህር አለ፣ መጻሕፍቱ የት ደረሱ፣ ልጆቹ ከየት ይጀምሩ የሚለው ተጠይቆ ለወረዳው ደብዳቤ ይጻፍ። ደረጃው ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ሳይቋረጥ ከተማሩ በኋላ ይምጣ።

በ2012 1ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች በ2019 ዓ.ም. የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይቀመጣሉ፤ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት ደግሞ በ2023 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ አንድ ኢንስፔክተር በአንድ ክፍል በር ይገባል፤ የሚያገኛቸውም እነዚህን ልጆች ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች አሮጌ ሮስተር በየጊዜው ከመዝገብ ቤት ይወጣል፣ ይጣላል ወይም በእርጥበት ይበላሻል። የ2012 እና የ2013 መዝገቦች ቢያንስ እስከ 2023 ተጠብቀው እንዲቆዩ ለርዕሰ መምህራን መመሪያ መስጠት አንድ ደብዳቤ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።